የዘለሏት ስንኝ

እሺ… እየቀዳ ነው? ቀይ ነው፣ እየቀዳ ነው። ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ድምፄ ትንሽ ዘግቷል፣ መሃል ሜዳ አራት ሌሊት አድሬ ነው የመጣሁት፣ ስለዚ ይሄ ጉንፋን የመንዝ ጉንፋን ነው፣ ተራ የአዲስ አበባ ጉንፋን እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ሳምንት ለምን አልለቀቅክም ብላችሁ የሰደባችሁኝ በሙሉ ተባረኩ። እና አዎ፣ የጎረቤቴ ዶሮ አለ፣ ፍልሰታም ተፈታ እሱ ግን አልታረደም፣ መሃል ላይ ከጮኸ እንደተለመደው ኤዲት አደርገዋለሁ። ማለትም አላደርገውም።

ዛሬ ስለ ቡሄ ነው የማወራው። ማለቴ ስለ ቡሄ አይደለም… ስለ አንድ ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃም አትሞላም።

መንገዱ እንዴት ነበር ለምትሉኝ፣ የዛ አካባቢ ነገር ታውቃላችሁ፣ አልገባበትም፣ ሰላም ነው ሲሉኝ ሄድኩ ሰላም ነው ሲሉኝ ተመለስኩ። ደብረ ብርሃን ላይ ሃያ ዳቦ ገዛሁ። ይሄን ያዙልኝ፣ ሃያ ዳቦ፣ በፌስታል። ጣርማ በር፣ መዘዞ፣ ሞላሌ፣ እያለ እያለ መሃል ሜዳ ስደርስ ጉሙ መኪናው ውስጥ ገብቶ ከኛ ጋር የተሳፈረ ነው የሚመስለው። ከ3,000 ሜትር በላይ ነው'ኮ ከተማዋ። "ቡሄ ካለ የለም ክረምት" ያለው ሰውዬ መንዝን አልረገጠም፣ ወይ ደሞ ቆላ ሆኖ ነው የተረተው። በነሐሴ 12 ማታ ሁለት ባና ደርቤ እግሬ አልሞቀም። እና ከሚኒባሱ ወርጄ ሻንጣዬን ተሸክሜ ቤት ደርሼ በሩን ከፍቼ… ዳቦው የለም። ሚኒባሱ ይዞት ሄደ። ሃያ ዳቦ። ሹፌሩ ቡሄን በደንብ እንዳከበረ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቁልፉን እትዬ ናቸው የሰጡኝ። እትዬን ታውቋቸዋላችሁ፣ እማዬ ጋር በስልክ ስንቀዳ ከኋላ "ማነው እሱ፣ አግብቷል?" የሚሉት። ከጥር ጀምሮ ቤቱን እሳቸው ናቸው የሚያዩት፣ በየሳምንቱ ከፍተው ይጠርጋሉ፣ ጭስ ያስገባሉ፣ ቤት ካልጨሰበት ይሞታል ይላሉ።

ክረምት ላይ መሃል ሜዳን ላላያችሁ፣ ከተማዋ በሙሉ ክረምቱን ነው የምትኖረው። ዩኒቨርሲቲ ያሉት ይመጣሉ፣ የክረምት ዋንጫ ይጀመራል፣ ኳሱ ጭቃው ውስጥ ይተከልና ሁለት ቡድን ተሰብስቦ ያንን ይረግጣል፣ አንድ ሰው ሜጋፎን ይዞ ኮሜንታተር ነኝ ይላል፣ የሚያወራው ግን ስለ ተጫዋቾቹ ቤተሰብ ነው፣ "ኳሷን ይዟል፣ አባቱ የማሬን እዳ አልከፈለም" ምናምን። ከዛ ችግኝ አለ። እኔ 2011 ላይ፣ ያ ሐምሌ 22፣ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ የተባለ ጊዜ፣ እዛው ነበርኩ፣ ሶስት ተከልኩ፣ ፎቶም አለኝ። ዘንድሮ ሄጄ አየኋቸው። አንዱን በግ በልቶታል፣ የመንዝ በግ ደሞ ታውቃላችሁ ሃፍረት የለውም፣ ሁለተኛው ቦታው ራሱ ጠፋኝ፣ ሶስተኛው አለ። እስከ ደረቴ ደርሷል። ደስ አለኝ፣ ግን እኔ የተከልኩት ይሁን ሌላ ሰው እርግጠኛ አይደለሁም፣ ፎቶው ላይ ከኋላ የሚታየው አጥር አሁን የለም…

ምን እያልኩ ነበር? ልጆቹ።

ማታ ነው። አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ መብራት የለም፣ ካፊያ አለ። ችቦው ገና አልተለኮሰም፣ እንጨቱ ረጥቦ የሰፈር አባቶች በላምባ ይለማመጡታል። ጅራፍ ከሩቅ ይጮሃል። እኔ ደጃፍ ላይ ቆሜያለሁ፣ ከኋላዬ ቤቱ ጨለማ ነው፣ አንድ ሻማ ብቻ። እና መጡ። ዘጠኝ ናቸው፣ ቆጥሬያቸዋለሁ፣ እማዬ ሁሌም ትቆጥር ስለነበር እኔም ቆጠርኩ። ቦቲ ጫማ፣ ካናቴራ ላይ ሹራብ፣ አንዱ የእህቱ ይመስለኛል ሮዝ ጃኬት። አውራጁ አስራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀጭን፣ ዱላው ከሱ ይረዝማል። "ጋሼ እንግባ?" አለኝ። ጋሼ! እኔ። እሺ፣ ግቡ።

ስልኬን አውጥቼ መቅዳት ጀመርኩ። እሱ ያወርዳል እነሱ ሆ ይላሉ፣ ዱላው መሬቱን ይደበድባል፣ መሬቱ ጭቃ ስለሆነ ድምፁ ጧ ጧ አይልም፣ ጭልቅ ጭልቅ ነው የሚለው። "የኔማ ጌታ" አሉኝ። ሳቄ መጣ፣ ጌታ የሚሉት ዳቦውን ሚኒባስ ውስጥ ረስቶ የወረደውን ሰውዬ ነው። ሙክት ሰጠን አሉ፣ በሬ ምናምን፣ ሁሉንም ሰጠኋቸው። እና ከዛ ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሆያ ሆዬ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከጌታው ቀጥሎ እመቤቷ ናት። የኔማ እመቤት፣ የፈተለችው ፈትል የሸረሪት ድር የሚያስመስለው።

እማዬ እዚች ስንኝ ላይ ሁሌ መልስ ትሰጥ ነበር። ከጓዳ ሆና "እኔ የበግ ፀጉር ነው የምፈትለው፣ ምን ሸረሪት አመጣብኝ!" ትላቸዋለች፣ ልጆቹ ይሄን ለመስማት ነው የሚመጡት ማለት ይቻላል፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ ያወርዱታል።

እና ልጁ ዱላውን አነሳ። አፉን ከፈተ። እና ወደ ቤቱ አየ፣ ከትከሻዬ በላይ፣ ወደ ጓዳው። ዱላዎቹ ሁለቴ መቱ፣ ያለ ቃል። ጭልቅ፣ ጭልቅ። ከኋላ ያለው ሚጢጢው፣ ሮዝ ጃኬቱ፣ "የኔማ እመ…" ብሎ ጀመረ፣ እና አጠገቡ ያለው በክርኑ ነካው። ዝም አለ። አውራጁ ዘሎት ምርቃቱን ጀመረ።

አልቋል። ይሄው ነው። እውነቴን ነው፣ ከዚህ ሌላ የሆነ ነገር የለም።

ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አልነግራችሁም። 50ኛው ሰከንድ ላይ ነው ዱላው የሚነሳው። በመጀመሪያ ረስቶት ነው ብዬ ነበር፣ ልጅ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ሰው እየቀዳው ነው። ከዛ ክርኑን አየሁት። ግን ክርኑም ምናልባት እግሩን ረግጦት ይሆናል'ኮ፣ ዘጠኝ ልጅ በአንድ በር ላይ። ደሞ ሌላ ጊዜ ሳየው አይ፣ ተነጋግረው ነው የመጡት እላለሁ፣ ከአጥሩ ውጪ ቆመው "እዚህ ቤት እሷን አንላትም" ተባብለው። ማን ነገራቸው? እናቶቻቸው ናቸው? እትዬ ናቸው? የአስራ አንድ ዓመት ልጅ ይሄን ያስባል? እኔ በሱ እድሜ የማስበው የሙልሙሉን ትልቅነት ብቻ ነበር።

ምርቃቱ ላይ ደሞ "አይለያችሁ" አሉኝ። እኔ ብቻዬን ቆሜ። "ችሁ"። ያንን ማስተካከል አላሰቡትም መሰለኝ። አሁን ሳወራው ያስቀኛል፣ ያኔ ግን… ያኔም ትንሽ አስቆኛል።

እና የገረመኝ፣ አላመሰገንኳቸውም። ተናደድኩ። ማለቴ በነሱ አይደለም… በማን እንደሆነ አላውቅም። በላት! አወርድ! ልለው ፈልጌ ነበር። ማን መልስ እንዲሰጣቸው ነው የምፈልገው ግን? እኔ ከጓዳ ልጩህ? ሁለት መቶ ብር አውጥቼ ሰጠሁት። አዲስ አበባ ቢሆን ጮቤ ነው የሚረግጡት፣ እዚህ'ኮ መኪና አስቁመው ብር ነው የሚጠይቁህ፣ ሙልሙል ብትሰጣቸው ፌዝ ይመስላቸዋል። አውራጁ ብሩን ተቀበለ፣ አጠፈው፣ ካልሲው ውስጥ ከተተው። ሮዝ ጃኬቱ ግን አልተንቀሳቀሰም። "ሙልሙልስ?" አለኝ።

ሙልሙልስ።

እማዬ የረኞቹን ታሪክ ስትነግረኝ፣ ደብረ ታቦር ላይ ብርሃኑ ሲወርድ ልጆቹ ቀን መስሏቸው ከብቶቹ ጋር እንደቀሩ፣ ቤተሰብ ሲጨንቀው ችቦ አብርቶ ዳቦ ይዞ ፍለጋ እንደወጣ፣ ችቦውም ሙልሙሉም ከዛ ነው የመጣው ትለኝ ነበር። እኔ ሁሌ የምጠይቃት፣ ዳቦው ትኩስ ነበር? ነው። "ምን አስጨነቀህ፣ አንተን አይፈልጉህ" ትለኛለች።

ይቅርታ፣ ዶሮው ነው። ሰምታችኋል? በማታ'ኮ ነው የሚጮኸው፣ ይሄ ዶሮ ችግር አለበት።

ለማንኛውም ልጁን ወደ እትዬ ቤት ላክሁት። እትዬ ጋግረዋል፣ በኮባ፣ ሽታው እኔ ጋ ደርሷል። በኋላ ሲነግሩኝ የኛንም ድርሻ አብረው ነው የጋገሩት፣ ማለትም እማዬ የምትሰጠውን ያህል። "ብር ሰጥተህ ሰደድካቸው አሉ" አሉኝ፣ አልተቆጡም፣ እንዲሁ ነው ያሉት፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ባናው ውስጥ ሆኜ እሷን ዓረፍተ ነገር ነው ስገላብጥ ያደርኩት። ስለ ስንኟ ጠየቅኳቸው። እርስዎ ነዎት የነገሯቸው? አልኳቸው። "ምኑን?" አሉኝ። የምር አልገባቸውም ወይስ… እትዬ ደሞ ማስመሰል ይችሉበታል፣ እማዬ የታመመች ጊዜ ለሁለት ወር ያህል "ደህና ናት፣ ተኝታ ነው" ሲሉኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ድምፁን ላሰማችሁ አስቤ ነበር። ሚክስ ውስጥ አስገብቼው ነበር ሁሉ። ግን ልጆቹን አልጠየቅኳቸውም፣ ደሞ… አይ፣ ይቅር። ሃምሳኛው ሰከንድ ላይ ለናንተ ዝም ብሎ ዱላ ነው የሚሰማው።

እትዬ ዛሬ ጠዋት ደውለው ነበር። አንድ አስተማሪ ቤት ፈልጎ መጥቷል፣ ለትምህርት መክፈቻ፣ ያንተን ላሳየው ወይ አሉኝ። ሚስት አለችው አሉኝ፣ ይሄን ለምን እንደነገሩኝ… ልደውልልዎ አልኳቸው። አልደወልኩም። አሁን ስንት ሰዓት ነው፣ ሶስት ከሩብ። ተኝተዋል በዚህ ሰዓት፣ እዛ'ኮ በጊዜ ነው የሚተኛው፣ ብርዱ…