መርዶውን የደበቀችው ሴት

ውድ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወጋችሁ በጦርነት መካከል ስለ ተወለደው የቬትናም ሲኒማ ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 15 ቀን 1953 የቬትናም መሪ ሆ ቺ ሚን ከፈረንሳይ ጋር የሚደረገው ውጊያ ሳይቋጭ፣ በሰሜኑ ተራራማ አካባቢ በሚገኘው የትግል ሠፈራቸው ሆነው፣ የመንግሥት የፊልምና የፎቶግራፍ ድርጅት የሚያቋቁመውን ድንጋጌ ፈረሙ። በ1959 በሰሜን ቬትናም የተሠራው የመጀመሪያው ልብ ወለድ ፊልምም አገሪቱን ለሁለት በከፈለ ወንዝ ግራና ቀኝ ተለያይተው ስለ ቀሩ ፍቅረኞች ይተርካል።

እንዲህ ያለ ሲኒማ ከፕሮፓጋንዳ አያልፍም የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ሆንግ ሴን በ1979 በሠራው «የተተወው ማሳ» ውስጥ ባልና ሚስት በሜኮንግ ረግረግ መካከል ይኖራሉ። የአሜሪካ ሄሊኮፕተር ሲያንዣብብ ሕፃን ልጃቸውን ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ይከቱና አፉን ጨምድደው ይዘው ውሃ ውስጥ ያጠልቁታል። ድምፁ ርቆ ከረጢቱ እስኪከፈት ያለችው ቅጽበት፣ ለእኔ ከየትኛውም የውጊያ ትዕይንት ይልቅ ጦርነትን ታስረዳለች። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ደግሞ የተገደለው አሜሪካዊ ሚስትና ልጅ ፎቶግራፍ ይታያል፤ ጠላትም ቤት እንዳለው ዳይሬክተሩ አልዘነጋም።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው ዳንግ ንያት ሚን በ1984 ያወጣው «አሥረኛው ወር ሲደርስ» ነው። ዱየን የምትባል ወጣት ባሏ በጦር ግንባር መሞቱን ከሰማች በኋላ፣ የታመሙት አማቷ ሐዘኑን አይችሉትም ብላ መርዶውን ትደብቃለች፤ የመንደሩን መምህር ለምናም በሟቹ ስም ደብዳቤ ታጽፋለች። በመንደሩ ባህላዊ ድራማ ላይ ባሏን ወደ ጦርነት የምትሸኝ ሚስት ሆና ስትጫወት ግን የራሷ ሐዘን ይገነፍልና መድረኩን ጥላ ትወጣለች። መርዶ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ በማለዳ በሚነገርበት አገር ላደግን ለእኛ፣ ለቅሶ መቀመጥ የተከለከለች መበለት ብቻዋን የተሸከመችው ምን ያህል እንደሚከብድ አስረጂ አያሻንም።

ከዚያ ወዲህ ትራን አን ሁንግ የቬትናሟን ከተማ ሳይጎንን ፈረንሳይ ውስጥ በሚገኝ ስቱዲዮ ገንብቶ በሠራው የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙ በ1993 በካን የፊልም ፌስቲቫል ለዳይሬክተሮች የመጀመሪያ ፊልም የሚሰጠውን «ወርቃማ ካሜራ» ሽልማት ወሰደ። በ2023 ያንኑ ሽልማት ያገኘው ፋም ቲየን አን ከጦርነቱ በኋላ የተወለደ ነው፤ የተሸለመበት ፊልም ባለታሪክ በአደጋ የሞተችውን የወንድሙን ሚስት አስከሬን ከሳይጎን ወደ ገጠር መንደር ይዞ ይጓዛል። ሦስት ሰዓት የሚወስድና ትዕግሥት የሚጠይቅ ፊልም ነው፤ አስቀድማችሁ የዱየንን ታሪክ ተመልክታችሁ ወደ እርሱ እንድትሻገሩ አደራ እላለሁ።