ከጎኔ ያለው ስንት ይከፈለዋል?

የተከበራችሁ የሆቴልና የአስጎብኚ ድርጅቶች ሥራ አስኪያጆች፣ የሠራተኛ ማኅበራት ተወካዮች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንኳን ለዓለም አቀፉ የሠራተኞች ቀን በሰላም አደረሳችሁ።

የተሰጠኝ ርዕስ «የሥራ ተነሳሽነት» የሚል ነበር። አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝና ጠበብ አድርጌዋለሁ። እዚህ ባሕር ዳር በደመወዝ ክፍል ስሠራ በትንሽ ደመወዝ ለዓመታት ተጫውቶና ስቆ ያገለገለ ሰው አጠገቡ ያለው ባልደረባው በአምስት መቶ ብር እንደሚበልጠው በሰማ ማግስት ፊቱ ሲጠቁር ደጋግሜ አይቻለሁ። የሰውየው ኪስ ከትናንት ዛሬ አልጎደለም። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ ዛሬ ስለዚያ ልናገር።

ዕድሜያችሁ ገፋ ያለ ታስታውሳላችሁ። ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ በሚከፈልበት ዘመን ሠራተኛው ገንዘብ ያዡ መስኮት ላይ ተሰልፎ ፔሮል ይፈርም ነበር። የሁሉም ስም፣ ደመወዝና ተቀናሽ በአንድ ወረቀት ላይ ተደርድሯል። ጠንቃቃ ገንዘብ ያዥ ከላይና ከታች ያለውን መስመር በማስመሪያ ይሸፍናል፤ ፈራሚው ደግሞ ስሙን እንደሚፈልግ ሰው ጣቱን እያንሸራተተ የሌላውን ያነባል። ዛሬ ደመወዝ በባንክ ይገባል፣ መልእክቱ በስልክ ይደርሳል፣ ማስመሪያውም ጡረታ ወጥቷል። ምስጢሩ ግን አልተጠበቀም። ማታ ሻይ ላይ ይወራል፤ ያውም ተጨምሮበት። በወሬ የሚሄድ ደመወዝ መንገድ ላይ ሲያድግ እንጂ ሲቀንስ አላየሁም።

ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከክፋት አይመጣም። አንዲት የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ከዓመታት በፊት በጊዜው ዋጋ ተቀጠረች እንበል። ዘንድሮ ሁለተኛ ሰው ሲፈለግ በዚያ ዋጋ የሚመጣ የለምና አዲሱ በገበያው ዋጋ ይቀጠራል። የነባሯ ደመወዝ የተቀጠረችበት ቀን ላይ እንደቆመ ነው። አዲሱን ሥራ የምታለማምደውም እሷ ናት! ኮምፒውተሩን የምታሳየው፣ የትኛው ደንበኛ ወደ ሐይቁ የሚያይ ክፍል እንደሚወድ የምትነግረው፣ ሒሳቡ ሳይገጥም ሲቀር አብራው የምታመሸው እሷ ናት። ይህች ሴት ብታኮርፍ ምቀኛ እንላታለን?

የመቶኛ ጭማሪም የራሱ ጣጣ አለው። 6,000 ብርና 9,000 ብር ለሚከፈላቸው ሁለት ሠራተኞች 10 በመቶ ስንጨምር አንዱ 600፣ ሌላው 900 ያገኛል፤ የ3,000 ብሩ ልዩነት 3,300 ሆነ ማለት ነው። ደብዳቤው ላይ ግን «ለሁሉም እኩል» ተብሎ ይጻፋል።

ልዩነቱን ማጥበብም ቢሆን ያለ ማብራሪያ ከሆነ ቅሬታ ይወልዳል። በ2017 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ሲሻሻል ዝቅተኛው ከ1,100 ወደ 4,760 ብር ሲያድግ ከፍተኛው ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ብቻ ነበር ፈቀቅ ያለው። ለታችኛው ተከፋይ የሚገባውና የዘገየም ነበር። ያም ሆኖ ዘመኑን በትምህርትና በልምድ የጨረሰ ባለሙያ «የእኔ ልፋት የት ገባ?» ብሎ መጠየቁ አልቀረም። በ2018 ዓ.ም. ዝቅተኛው 6,000፣ ከፍተኛው 39,000 ብር ሲደረግ ርቀቱ እንደገና ሰፋ። መቼም ሁሉንም የሚያስደስት ስኬል የሠራ ሰው ካለ አግኝቼ ብጠይቀው ደስ ይለኛል።

ይህን ጉዳይ ፈትሸው ያሳዩ አሉ። ሦስት ኢኮኖሚስቶች ሕንድ ውስጥ በኦዲሻ ግዛት ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። የፋብሪካ ሠራተኞችን በትናንሽ ቡድን ከፍለው በአንዳንዱ ቡድን ለሁሉም እኩል፣ በሌላው የተለያየ ደመወዝ ከፈሉ። ማን የበለጠ እንደሚያመርት በግልጽ በማይታይበት ሥራ ላይ የክፍያው ልዩነት ምርቱን ቀነሰ፤ ሠራተኛውም ከሥራ መቅረት አበዛ። የቀረበት ቀን አይከፈለውም ነበርና ሰውየው ከገዛ ኪሱ እየከፈለ ነበር የሚያኮርፈው። ማን የተሻለ እንደሚያመርት ሁሉም በዓይኑ በሚያይበት ሥራ ላይ ግን ያው የደመወዝ ልዩነት ይህ ነው የሚባል ጉዳት አላደረሰም።

ይህን ለማመን ሕንድ ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ከዚህ ወደ ዘጌ እንግዳ የሚያመላልሱ ሁለት ጀልባ ነጂዎችን አስቡ። ሞተሩ ሐይቁ መሀል ሲጠፋ አንደኛው ስልክ አውጥቶ እርዳታ ይጠራል። ሁለተኛው ሽፋኑን ከፍቶ ካንዴላውን ይፈታል፣ ጥቀርሻውን በጨርቅ ይጠርጋል፣ መልሶ ያስርና ገመዱን ሁለት ጊዜ ስቦ ያስነሳዋል። ለእሱ አንድ ሺህ ብር ብትጨምሩለት የመጀመሪያው ቅር ሊለው ይችላል፤ ተበደልኩ ግን አይልም። ምክንያቱን አይቶታል።

አንዳንድ አሠሪ ግን ሲጠየቅ «ፈርመህበት የለም እንዴ?» ይላል። በወንጌል ያለው ባለ ወይንም «በአንድ ዲናር አልተስማማኸኝምን?» ብሎ ነበር። ያ ባለቤት ግን አመሻሽ ላይ ለመጡት ከጠዋት ጀምሮ ከሠሩት እኩል ሲከፍል ከፊተኞቹ አልደበቀም፤ ሲያጉረመርሙም ቆሞ መልስ ሰጥቷል። የእኛዎቹ ጥቅሱን ወስደው መልስ መስጠቱን ትተውታል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በሠራተኞች መካከል በጾታ፣ በብሔር፣ በሃይማኖትና በመሳሰለው አድልዎ ማድረግን ይከለክላል። «እሱ ቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው» የሚለው ምክንያት የትኛውም አንቀጽ ላይ የለም፤ ብቻዋን ልጆች የምታሳድግ ሴት እዚሁ አዳራሽ ውስጥ አለች።

ለሠራተኞችም የምለው አለ። ስታነጻጽሩ የራሳችሁን የተጣራ ደመወዝ ከሌላው ያልተጣራ ጋር አታስተያዩ። የሌሊት ፈረቃ፣ የቤት አበል፣ ሰርቪስ ቻርጅ ተደምሮበት እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰላምታ የምትነፍጉት ባልደረባችሁ ደመወዙን እሱ አልወሰነውም። ጥያቄው ወደ ማኅበሩ፣ ከማኅበሩም ወደ ሥራ አስኪያጁ ይሂድ።

ሥራ አስኪያጆች፣ ሐምሌ አንድ ቀን አዲሱ የበጀት ዓመት ይገባል። ከዚያ በፊት የሥራ መደቦቻችሁን ዘርዝሩና በአንድ መደብ ላይ ያሉ ሰዎች የሚበላለጡበትን ምክንያት በስማቸው ትይዩ በአንድ መስመር ጻፉ፦ ልምድ፣ ፈረቃ፣ ሙያ፣ ኃላፊነት። የምትጽፉት ካጣችሁ ያ መስመር የሚስተካከል ደመወዝ ነው። ባለፉት ዓመታት እንግዳ ጠፍቶ ክፍሎቻችሁ ባዶ እንዳደሩ አውቃለሁ፤ በአንድ ጊዜ አስተካክሉ አልላችሁም። በስንት ጊዜ ውስጥ እንደምታስተካክሉ ግን ከማኅበሩ ጋር ተነጋግራችሁ በኅብረት ስምምነቱ ላይ አስፍሩት። የነባሯን የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛ ጉዳይ አስቀድሙ፤ እሷ ስትለቅ የምትቀጥሩት ሰው ከዛሬው ጭማሪ በላይ ያስወጣችኋል።

አሁን መድረኩን ለእናንተ እለቃለሁ። ጥያቄውን የማኅበር ተወካዮች ቢጀምሩት፣ ሥራ አስኪያጆች ደግሞ እስኪጨርሱ ቢያዳምጡ እመርጣለሁ። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።