መጀመሪያ እኔን አቀጣጥለኝ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲነዱ ያደሩ አሉ። ከአዳር ፈረቃ በቀጥታ የመጡም አሉ። ጌታ ድካማችሁን ይቁጠርላችሁ። ሪፖርቱን ጸሐፊያችን ከሻይ በኋላ ያሰማናል፤ እኔ ስለ አንድ መዝሙር ላውራችሁ።

ስለ ወንጌል ስርጭት የምንዘምራቸው መዝሙሮች አብዛኞቹ ሂዱ፣ ንገሩ፣ ድረሱላቸው ይላሉ። ትእዛዙ የጌታ ነውና ልክ ናቸው። ጂን ባርትሌት የሚባል አሜሪካዊ፣ የደቡብ ጎስፕል የሚባለው የአሜሪካ ደቡብ የወንጌል መዝሙር ጸሐፊ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ያወጣው መዝሙር ግን የሚጀምረው ከራሱ ነው። ርዕሱ ነፍሴን አቀጣጥላት እንደ ማለት ነው። ቃልህ ውስጤ ይንደድ ብሎ ይለምናል፤ በጨለማ የሚዳብሱትን ሚሊዮኖች የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው፣ ምስክር እሆናለሁ፣ በኃይልህ ሙላኝ የሚለውም ያኔ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ኤርምያስም ዝም ልበል ቢል አጥንቱ ውስጥ የገባው እሳት መች አስቻለው?

የጂንን አባት በመዝሙሩ ታውቁታላችሁ። ኢ. ኤም. ባርትሌት ነው፤ ስትሮክ መትቶት፣ እንደ ልቡ መንቀሳቀስ አቅቶት ሳለ በ1939 ድል በኢየሱስ የሚለውን የጻፈው። በ1941 አረፈ። ይህ ሰው በ1918 አርካንሳ ውስጥ፣ ሃርትፎርድ በምትባል ትንሽ የድንጋይ ከሰል ከተማ፣ የመዝሙር ማሳተሚያ ድርጅት ከመሠረቱት አንዱ ነበር፤ ኖታ የሚያስተምር ትምህርት ቤትም ነበራቸው። ኖታው ለተራው ሰው እንዲቀል ታስቦ የተሠራ ነው። ከዜማ ድምፆቹ ዶ ሦስት ማዕዘን፣ ሶል ክብ፣ ላ አራት ማዕዘን፣ ሌሎቹም እንዲሁ የየራሳቸው ቅርጽ አላቸው፤ ገበሬው መስመር ሳይቆጥር ቅርጹን አይቶ ይዘምራል።

በ1926 ከኦክላሆማ አንድ ጥጥ ለቃሚ ወጣት መጣ። አልበርት ብረምሊ። የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። ባርትሌት ክፍያውን ተወለት፣ አልፎም ቤቱ አስቀመጠው። ዛሬ ዓለም የሚዘምረውን በርሬ እሄዳለሁ የሚለውን መዝሙር በ1929 የጻፈው ይኸው ልጅ ነው። በ1932 ያሳተመለትም ያው የሃርትፎርድ ድርጅት ነበር። እኔ ደጋግሜ የማስበው ያንን ቤት ነው። ጂንም የዚያ ሰው ልጅ ነው።

ወደ እኛ ልምጣ። ልጆቻችን አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀሉ መዝሙር ይጽፋሉ። እኛ ደግሞ ቋንቋው ተሰበረ እንላለን። ባለፈው ዓመት አንዲት ልጅ ስልኳ ላይ የቀረጸችውን አሰማችኝ። እኔ መጀመሪያ ያረምኩት አማርኛዋን ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ መዝሙር አላመጣችልኝም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ እሳቱ እሷ ጋ ነበር፣ እኔ ፊደል እለቅም ነበር።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው አንድ ነገር ወስኗል። ከዘንድሮ ጀምሮ ዕድሜው ከ25 በታች የሆነ መዝሙር ጸሐፊ ለሥልጠናችን ምንም አይከፍልም። ከሌላ ከተማ ለሚመጡት ማደሪያ እንፈልጋለን፤ ሶፋም ይበቃል፣ እራትና ጆሮ የሚሰጥ ሰው ካለ። መዝገቡ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው። የባለቤቴና የእኔ ስም ተጽፏል፣ ሁለት ልጆች እንወስዳለን።

በሉ ተነሱ፣ እንጸልይና እንጀምር።