ማን እጁን አወጣ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት የአራት ኪሎ ታክሲ ረዳት ነው። መስኮቱን ብዘጋው ክፍሉ ይታፈናል፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው አብሮን ይቆያል።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ስልካችሁን ሳትነኩ። ፓርላማ ውስጥ የናንተን ሰፈር ወክሎ የተቀመጠው ሰው ማን ይባላል?

ይሄን ጥያቄ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለምጠይቅ ወዳጆቼ ሰልችቷቸዋል። ግማሹ የከንቲባዋን ስም ይነግረኛል። ሌላው የወረዳውን ሥራ አስፈጻሚ። አንዷ ጓደኛዬ «እኛ ሰፈር ያለ አይመስለኝም» አለችኝ፣ የምሯን እኮ ነው። አልፈርድባትም። አዲስ አበባ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት 23 ወንበር አላት፤ የምርጫ ክልሎቹ ቁጥር ግን አሁን ካሉት ወረዳዎች ቁጥር ጋር አይገጥምም። መታወቂያህ ላይ ያለው ወረዳ ሌላ፣ የመረጥክበት ክልል ሌላ። በዚያ ላይ የከተማው ምክር ቤት አለ። በ2013 ለሁለቱም በአንድ ቀን ነው የመረጥነው፣ ሰልፉ ደግሞ ረጅም ነበር፣ ማን የትኛው ወረቀት ላይ እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ካለ ጎበዝ ነው።

እኔን ወደዚህ ጉዳይ የከተተኝ የቤት ኪራይ አዋጁ ነው። አዋጅ ቁጥር 1320/2016። ተከራይ ነኝ። ውሉ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያው ከሁለት ወር አይብለጥ የሚለውን እኔም ሰማሁ፣ አከራዬም ሰሙ፤ በዚያ ሰሞን ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታችን አጠር ያለች ነበረች። ሕጉ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። እኔ ማወቅ የፈለግሁት ትንሽ ነገር ነው። የኔ ተወካይ ደገፉ፣ ተቃወሙ ወይስ ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ?

የትም የለም።

ድምፅ እንዴት እንደሚሰጥ ቴሌቪዥን ላይ አይታችኋል። አፈ ጉባኤው «የምትደግፉ» ይላሉ፣ እጅ ይወጣል። «የምትቃወሙ»። «ድምፀ ተአቅቦ»። ይቆጠራል። ማታ ዜናው «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ወይም «በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ» ይለናል፤ ደግ የዋለ ቀን የተቃወሙትንና ድምፀ ተአቅቦ ያደረጉትን ብዛት ይጨምርልናል። ስም የለም። አዋጁ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ቁጥሩ አለ፣ ቀኑ አለ፣ የፕሬዚዳንቱ ስም አለ፣ አማርኛና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን አለ። እጁን ያወጣው ሰው የለም። ጋዜጣው የሚታተመው እዚሁ ብርሃንና ሰላም ነው፣ ፓርላማው ደግሞ ከዚያ በእግር ይደረሳል፤ ሁሉም ነገር አፍንጫዬ ሥር ሆኖ ነው እንግዲህ የማላገኘው።

ምክር ቤቱ መዝገብ አለው፣ ተወካዬ ግን የላቸውም። ዛሬ ማይክ ፊት ያስቀመጠኝ ይሄ ነው። የሰፈሬ ዕድር እንኳ ስም ይጠራል። የቀረ ይጻፍበታል፣ ይቀጣል፣ ከዓመት በኋላም ደብተሩ ተገልጦ «አንተ እኮ የዚያን ቀን አልነበርክም» ይባላል። ሕግ የሚያወጣው ቤት ከዕድር ማነስ የለበትም።

ሕገ መንግሥቱን ገልጣችሁ አንቀጽ 54ን እዩት። የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይላል፤ ተገዥነታቸውም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው። ሦስት ነገር። ፓርቲ እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም! መጀመሪያ ሳነበው መልሼ አነበብኩት። እዚያው አንቀጽ ላይ አባሉ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰስ ተጽፏል። ማለትም ሕጉ ራሱ አንድ አባል ብቻውን ቆሞ የተለየ ድምፅ ሊሰጥ እንደሚችል አስቦበታል። ታዲያ ለብቻው ሊሰጥ የሚችለው ድምፅ ለምን ለብቻው አይመዘገብም?

ይሄን ለአንድ ፖለቲካ ለሚወድ ወዳጄ ሳነሳለት ሳቀብኝ። «ብልጽግና በ2013 410 ወንበር ነው ያሸነፈው፣ ውጤቱ እንደሆነ የታወቀ ነው፣ ስም መጻፉ ምን ሊጠቅምሽ?» አለኝ። ነገሩ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ጠቅላላ ውጤቱ አስቀድሞ ከታወቀ፣ ከዚያ አዳራሽ አዲስ ነገር ሆኖ ሊወጣ የሚችለው የግለሰቡ እጅ ብቻ ነው። ከነዚያ ሁሉ አባላት መካከል አንዷ ድምፀ ተአቅቦ ካደረገች ማን እንደሆነች፣ ለምን እንደሆነ፣ የማን ሰፈር ጥያቄ እንዳስጨነቃት ማወቅ እፈልጋለሁ። በሚቀጥለው ምርጫ ላመሰግናትም እችላለሁ እኮ። አሁን ግን የተቃወመውም የደገፈውም እንቅልፍ የወሰደውም አንድ ላይ «ምክር ቤቱ» ተብሎ ይታለፋል።

ሌላ የሚሉኝ ደግሞ አለ። «ስም ከተጻፈ ጫና ይበዛባቸዋል፣ ነፃነታቸውን ያጣሉ»። ከማን ነው ጫናው? የመንግሥት ዋና ተጠሪ፣ ማለትም የገዢውን ፓርቲ አባላት የሚያስተባብረው ሰው፣ አዳራሹ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያያል። ጎን ለጎን የተቀመጡት ይተያያሉ። የማያየው እኔና እናንተ ብቻ ነን።

ሌላ አገር ይሄን ነገር እንዴት እንደያዙት ትንሽ ላውራ። እንግሊዝ አገር 650 የታችኛው ምክር ቤት አባላት ድምፅ ሲሰጡ ተነስተው በሁለት መተላለፊያ ነው የሚያልፉት፣ የሚደግፍ በአንዱ፣ የሚቃወም በሌላው፣ ስማቸውም ይመዘገባል። ከ2004 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ «ዘይ ዎርክ ፎር ዩ» የሚባል ድረ ገጽ ያንን መዝገብ እየወሰደ የያንዳንዱን አባል ታሪክ በአንድ ገጽ ላይ ያወጣዋል። እሺ፣ እነሱ ሀብታም ናቸው በሉኝ። ጎረቤታችን ኬንያስ? እዚያ የፓርላማው ድረ ገጽ የአባላቱን የትምህርትና የሥራ ታሪክ ሲያወጣ አባላቱ ተቆጡ፣ ድረ ገጹም ተዘጋ። በ2005 ገደማ ነው፣ ይሄም በፈረንጆቹ። ኦሪ ኦኮሎህ የምትባል ጠበቃ ከአንድ ባልደረባዋ ጋር ሆና «ምዛሌንዶ» የሚባል የራሳቸውን ድረ ገጽ ከፈቱ፣ ማን ምን እንደተናገረ ከምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ እየለቀሙ። ደስ የሚል ታሪክ ነው። እኛ ጋ ድረ ገጹን የሚሠራ ልጅ አይጠፋም፤ ኮድ የሚጽፉ ልጆች ካፌውን ሞልተውታል። ምን ይጻፍበት ነው ጥያቄው።

አሁን ባለው ነገር ምን መከታተል ይቻላል? አንድ ነገር አለ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጥያቄ ሊመልሱ የሚመጡበት ቀን። ያን ቀን ጠያቂዎቹ በስም ይጠራሉ፣ በቀጥታም ይተላለፋል፤ ተወካያችሁ ከተነሱ ያን ቅዳችሁ አስቀምጡት፣ ምክንያቱም በስማቸው የተመዘገበ ነገር ካለ ያው እሱ ነው። የትኛው ቋሚ ኮሚቴ ውስጥ እንዳሉ ማወቅም ይረዳል። ረቂቅ አዋጅ የሚበጠረው እዚያ ነው፣ አዳራሹ ውስጥ አይደለም። ሀብት የማስመዝገብ ግዴታም አለባቸው፣ ከ2002 አዋጅ ጀምሮ። እሱን ገና አልሞከርኩትም።

የመራጭና ተመራጭ መድረኩ ግን ያስቃል፣ እሱን ላጫውታችሁ። ምክር ቤቱ ሲዘጋ አባላቱ ወደ መረጣቸው ሕዝብ ይወርዳሉ ይባላል። አንድ ጊዜ ሄድኩ። አዳራሹ ሞልቷል፣ ውኃ ታድሏል። ሰው ይነሳል፤ የመብራት ነገር፣ የኮንዶሚኒየም ነገር፣ የኑሮ ውድነት። ተወካዬ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ሁሉንም ይጽፋሉ፣ «ለሚመለከተው አካል አደርሳለሁ» ይላሉ። ከጎኔ የነበሩ እናት ቀስ ብለው «የሚመለከተው አካል እሳቸው አይደሉም እንዴ?» አሉኝ። እኔም እጄን አወጣሁ።

«የኪራይ አዋጁ ላይ እርስዎ ምን ድምፅ ሰጡ?» 

«አዋጁን ምክር ቤቱ ተወያይቶ አጽድቆታል።»

«እርስዎስ?»

«እኔም የምክር ቤቱ አባል ነኝ።»

ሰው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፣ ክፋት የለባቸውም። ሰብሳቢው «ጊዜ ስለሌለን ወደሚቀጥለው» አለ። ከልቤ ስነግራችሁ፣ የደበቁኝ አልመሰለኝም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ጠይቋቸው የሚያውቅ ሰው ያለም አይመስለኝም፣ ፊታቸው ላይ ያየሁት ግራ መጋባት ነው።

ሌላ የሚከነክነኝ ነገር ደግሞ የሰፈራችን ነገር ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ በኮሪደር ልማቱ እንዴት እንደተለወጡ ታውቃላችሁ። ካዛንቺስም ተከተለ። በ2013 ካዛንቺስ ተሰልፎ የመረጠ ሰው ዛሬ ገላን ጉራ ነው የሚኖረው። የመረጣቸው ሰው ወንበራቸው ላይ አሉ፣ መራጩ ግን ምርጫ ክልሉ ውስጥ የለም። መድረክ ሲጠራ የሚጠራው የት ነው? አዲሱ ሰፈሩ የመጣው ተወካይ «አንተ እኔን አልመረጥከኝም» ባይለውም፣ ጥያቄው የድሮው ሰፈሩ ጥያቄ ነው፤ ካሳ፣ ምትክ ቦታ፣ የልጆች ትምህርት ቤት። በሕጉ ሁሉም የመላው ሕዝብ ተወካይ ስለሆኑ ማንንም ማናገር ይችላል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ማንንም ማናገር የሚችል ሰው ማንን ያናግራል? ይሄ ላይ ከካዛንቺስ ወይም ከፒያሳ የተነሳችሁ ካላችሁ በጣም መስማት እፈልጋለሁ፣ ምናልባት አንድ ሙሉ ክፍል እንሠራበታለን።

ሕገ መንግሥቱ መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይላል፣ አንቀጽ 12 ላይም 54 ላይም አለ። ትልቅ ሥልጣን ነው። እኔ ተወካዬን ማንሳት አልፈልግም፣ ጥሩ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። አመኔታ ለመስጠትም ሆነ ለመንሳት ግን የሠሩትን ማየት አለብኝ አይደል?

ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው ይባላል፣ ሕጉም ክፍት ይሁን ነው የሚለው። እኔ የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈልግ ነገር አይደለም። የስም ዝርዝር ያለበት አንድ ወረቀት፣ ከጎኑ ሦስት ዓምድ፤ ደገፈ፣ ተቃወመ፣ ድምፀ ተአቅቦ። አራተኛም ይጨመርበት፤ አልመጣም። በዚያው ሳምንት ምክር ቤቱ ገጽ ላይ ይለጠፍ። አለቀ።

እስከዚያው ግን አንድ ነገር አብረን እናድርግ። ሰፈራችሁ የመራጭና ተመራጭ መድረክ ሲጠራ ሂዱ። ስለ ውኃውም ስለ መብራቱም ጠይቁ። ከዚያ እናንተን የነካውን አንድ አዋጅ ምረጡና፣ የንብረት ታክሱ ሊሆን ይችላል፣ ኪራዩ ሊሆን ይችላል፣ «እርስዎ ምን ድምፅ ሰጡ?» በሏቸው። በትሕትና። መልሱን በድምፅ ቀድታችሁ ቴሌግራም ላይ ላኩልኝ፣ ከማውጣቴ በፊት የናንተን ስም አጠፋዋለሁ። የእሳቸውን አላጠፋም። በሉ ቻው፣ ረዳቱም «ፒያሳ ሁለት ሰው» እያለ ነው።