በሩ ጋ ስላለው ካርቶን

ውድ የኮሚኒቲያችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስትገቡ በሩ ጋ ባዶ ካርቶን አይታችኋል። ቡናው እስኪደርስ ስለ እሱ ላውራችሁ።

እኔ ያደግሁት በካልሲ ኳስ ነው። ጨርቅ ጠቅጥቀን፣ በሲባጎ ጠፍረን። ለበዓል የሚገዛልን ልብስ ነበር፤ ያውም «ይደግበት» ተብሎ ሁለት ቁጥር የሚበልጥ። ስለዚህ ለገና መጫወቻ መስጠት የፈረንጅ ቅንጦት ይመስለኝ ነበር። ልጄ እዚህ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ ከእረፍት መልስ ልጆቹ «አንተስ ምን አገኘህ?» ሲባባሉ ስሰማ ነው ነገሩ የገባኝ። ምንም ያላገኘው ልጅ ምን ብሎ ይመልሳል?

ይህ ካርቶን ለችግረኛ ልጆች የገና መጫወቻ የሚሰበስበው የቶይስ ፎር ቶትስ ነው። አጀማመሩ ደስ ይላል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1947 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ዳያን ሄንድሪክስ የምትባል ሴት በእጇ አሻንጉሊት ሠራች። ለችግረኛ ልጆች የሚያከፋፍል ድርጅት ፈልጎ እንዲሰጥላት ለባሏ ለቢል ሰጠችው። ቢል ፈለገ፣ አጣ። የለም ብሎ ቢመለስ፣ እንግዲያው አንተው አቋቁም አለችው። የሚስት ነገር! ሰውዬው የአሜሪካ ማሪን ተጠባባቂ ጦር ሻለቃ ነበርና ጓዶቹን አሰባሰበ። በዚያው ገና 5,000 መጫወቻ ሰበሰቡ።

በዓመቱ ሥራው በመላው አሜሪካ ተዳረሰ። ቢል መደበኛ ሥራው የዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ የማስታወቂያ ኃላፊነት ስለነበር ሰው ያውቃል። ዓርማ የሆነችውን ትንሽ ባቡር የነደፈላቸው ዋልት ዲዝኒ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ላይ ያገለገለ መጫወቻም ይቀበሉ ነበር። ወታደሮቹ ለልምምድ በሚገናኙባቸው ቅዳሜና እሁዶች የተሰበረውን ይጠግኑ ነበር። ከ1980 ጀምሮ ግን አዲስ ብቻ ሆነ። አንዱ ምክንያት፣ ሌላው የጣለው መጫወቻ ለልጁ ተስፋ አይሰጠውም የሚል ነው። እውነት ነው። የታላቅ ወንድሙን ጫማ ሲወርስ ያደገ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም።

ስለዚህ አደራ፣ ቤት ውስጥ ቦታ ያጣበባችሁን አታምጡ። አዲስ ይሁን፤ ትንሽም ቢሆን። ደግሞ አትጠቅልሉት። ውስጡ ያለው ካልታየ ለስንት ዓመት ልጅ እንደሚሆን አይታወቅም። መጠቅለሉን ለእናቱ እንተውላት፤ ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ እሷ ትጠቅልለው።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ። ካርቶኑ እስከ እሁድ እዚያው በሩ ጋ ነው።