ባጁን ማን ይመልሳል? የፓይተን «ዊዝ» ከአንድ ሕንፃ በር ላይ ሲታይ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ በፓይተን፣ በፕሮግራም መጻፊያው ቋንቋ፣ ከፍተን ስለምንረሳቸው ነገሮች እናወራለን። ፋይል እንከፍታለን፣ እንረሳለን። የዳታቤዝ ግንኙነት እንከፍታለን፣ እንረሳለን።

ባለፈው ሰሞን ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ሕንፃ ለጉዳይ ሄድኩ። ጥበቃው «ባጅ አልቋል፤ ትንሽ ይጠብቁ» አለኝ። ባጅ እንዴት ያልቃል? ያልቃል! እዚያ መታወቂያ አይያዝም፤ መመለሱ ለእንግዳው ኅሊና የተተወ ነው። አንዱ በጓሮ በር ወጥቷል፣ አንዱ ከጸሐፊዋ ጋር ተጣልቶ እየተሳደበ ሄዷል፣ አንዱ ማኪያቶ ሊጠጣ ወጥቶ በዚያው ቀርቷል። እኔ ፀሐይ ላይ ቆሜያለሁ። ፒያሳ የማውቀው ሌላ ሕንፃ ግን በሩ አንድ ነው። መታወቂያችሁን ይዞ ባጅ ይሰጣችኋል። ተደስታችሁም ውጡ፣ ተጣልታችሁም ውጡ፣ ጥበቃው ባጁን ሳይቀበል አያሳልፋችሁም።

የፓይተን «ዊዝ» (with) የሚባለው ትእዛዝ ያ በር ነው፤ ባጁ ደግሞ የከፈታችሁት ፋይል ወይም ግንኙነት። በፓይተን 2.5 የመጣው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ስትገቡ ኢንተር (__enter__) የሚባለው ተግባር ይጠራል፣ ስትወጡ ኤግዚት (__exit__)። ስህተት ቢፈጠርም ኤግዚት ይጠራል፤ ምን እንደተፈጠረም ይነገረዋል። ኤግዚት «ትሩ» (True፣ «እውነት») ብሎ ከመለሰ ጠቡ፣ ማለትም ስህተቱ፣ እዚያው በሩ ላይ ይቀራል። ይህን ያለ በቂ ምክንያት አታድርጉ፤ ስህተት የሚሸሽግ ጥበቃ አልወድም። ስህተት ቢፈጠርም ማጽዳቱ እንዳይቀር የሚያደርጉት ትራይ እና ፋይናሊ (try, finally) ግር የሚሏችሁ ያለፈውን ቪዲዮ እዩ፣ በዚያው የቻናሉ ቤተሰብ ሁኑ።

አሁን ወደ አስተያየታችሁ። «ፓይተን ራሱ ያጸዳ የለም ወይ?» ብላችሁ ጨቀጨቃችሁኝ። ያጸዳል! ግን መቼ? አብዛኞቻችን በምንጠቀምበት በተለመደው የፓይተን ዓይነት፣ በሲፓይተን (CPython)፣ ፋይሉን የሚይዝ ተለዋዋጭ ሲጠፋ ወዲያው ይዘጋል፤ ስለዚህ እናንተ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ፓይፓይ (PyPy) በሚባለው ሌላው የፓይተን ዓይነት ላይ ግን የማያስፈልገውን የሚያጸዳው ሰብሳቢ በራሱ ሰዓት ነው የሚመጣው። ደግሞም ሰብሳቢው የሚቆጥረው የኮምፒውተሩን ሜሞሪ እንጂ ባጅን አይደለም። በብዙ የሊኑክስ ማሽኖች ላይ አንድ ፕሮግራም በአንድ ጊዜ የሚከፍተው ፋይል በተለምዶ 1024 ላይ ይገደባል። ሜሞሪው ባዶ ሆኖ ባጁ ሊያልቅ ይችላል! እንደ እኔ ፀሐይ ላይ መቆም ነው።

ኢንተር ራሱ ቢከሽፍስ? ኤግዚት አይጠራም፤ ያልተሰጠ ባጅ ማን ይጠይቃል? መብራት ድንገት ቢጠፋም አይጠራም። ያኔ ጥበቃውም ከእናንተ ጋር ጨለማ ውስጥ ነው።