ያ «አዎ»

እሺ... ዛሬም ወደ በርጩማዋ ልመልሳችሁ ነው። የአሜሪካ ሪፐብሊካን ወግ አጥባቂነት ቆሞባታል ወደሚባልላት ምሳሌ፣ ወደ ባለሦስት እግሯ። ባለፈው ክፍል የተሰነባበትናት መስሎኝ ነበር፤ አልለቀቀችኝም።

አንድ ድምፅ ነው እንዲህ የያዘኝ። ማክሰኞ፣ ጁላይ 1፣ 2025፣ ሴኔት። የቀረበው ግብር የሚቀንሰውና ሜዲኬይድን (ለድሃ የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን) የሚቆርጠው የትራምፕ ትልቁ ሕግ ነው። ሦስት ሪፐብሊካኖች እምቢ አሉ። ፖል የዕዳው ጣሪያ (መንግሥት መበደር የሚችለው መጠን) በ5 ትሪሊዮን ዶላር መነሣቱ አስቆጥቶት ነው፤ ኮሊንስና ቲሊስ ደግሞ የሜዲኬይድ ቅነሳው በዝቶባቸው። አያችሁ? አንዱ መንግሥት ብዙ አወጣ ይላል፣ ሁለቱ ከድሃው ብዙ ተቀነሰ ይላሉ፤ የቆሙት ግን አንድ ቦታ። 50 ለ50 ሆነ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቱ ቫንስ ገብቶ 51 አደረገው።

የሚዙሪው ሪፐብሊካን ሴናተር ጆሽ ሃውሊ «አዎ» አለ። እዚህ ላይ ነው የምቆመው። ሜይ ላይ፣ ሰባት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሜዲኬይድን መቁረጥ በሥነ ምግባርም ስህተት ነው፣ በፖለቲካም ራስን ማጥፋት ነው ብሎ በጋዜጣ የጻፈው እሱ ነው። ወግ አጥባቂነት የሠራተኛው ቤት ይሁን ከሚሉት ውስጥ ድምፁ ጎልቶ የሚሰማ ሰው። እሱ እምቢ ቢል 49 ለ51 ነበር። በቃ፣ ይወድቅ ነበር።

የተቆረጠው ምን እንደሆነ ልዘርዝር፣ ነገሩ ያለው እዚያ ውስጥ ስለሆነ። ሜዲኬይድን ስቴትና ፌዴራል ተካፍለው ነው የሚከፍሉት። ስቴቱ ሆስፒታሎችን 100 ዶላር ግብር ያስከፍላል እንበል። ያንኑ 100 ዶላር የራሱ የሜዲኬይድ ድርሻ አድርጎ ያቀርባል። ፌዴራሉ በትንሹ እኩሉን ይጨምራል፤ 200 ሆኖ በሕክምና ክፍያ መልክ ወደ ሆስፒታሎች ይመለሳል። በኦባማኬር ማስፋፊያ (የኦባማ ሕግ ሜዲኬይድን ለተጨማሪ ሰዎች በከፈተበት) ለገቡት ፌዴራሉ 90 በመቶ ስለሚሸፍን ያቺው 100 ዶላር 1,000 ትሆናለች። የግብሩ ጣሪያ ሆስፒታሎች ከታካሚ ከሚያገኙት ገቢ 6 በመቶ ነበር። ሕጉ ማስፋፊያውን በተቀበሉ ስቴቶች ከ2028 የበጀት ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ግማሽ ነጥብ እየቀነሰ 2032 ላይ 3.5 ያደርሰዋል። ሚዙሪ ደግሞ ማስፋፊያውን በ2020 በሕዝብ ድምፅ ተቀብላለች፤ ትራምፕን በመረጠችበት በዚያው ዓመት።

የቀድሞዎቹ ወግ አጥባቂዎች «ይሄ እኮ ገንዘብን በክብ ማዞር ነው» ይላሉ። እውነት አላቸው። ግን የገጠር ሆስፒታል አልጋው ባዶም ቢያድር ድንገተኛ ክፍሉን 24 ሰዓት በሰው መያዝ አለበት፤ ወጪው ከታካሚው ቁጥር ጋር አይወርድም። ገቢ ሲጎድል ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚዘጋው ማዋለጃው ነው። ነፍሰ ጡሯ ታዲያ... ቆይ፣ ለቤተሰብ የቆመ ፓርቲ ይህን እንዴት ያስታርቀዋል?

ሃውሊ ያገኘው ለገጠር ሆስፒታሎች የተመደበው ገንዘብ ከ25 ወደ 50 ቢሊዮን ዶላር ማደጉን ነው። በአምስት ዓመት የሚከፈል። ፈንዱ 2030 ላይ ያልቃል፤ ቅነሳው ያን ጊዜ ገና እየወረደ ነው።

በነገራችን ላይ፣ አገር ቤት ስለምትልኩት ገንዘብ የጠየቃችሁኝ፦ ያው ሕግ ነው። ከጃንዋሪ 1፣ 2026 ጀምሮ በጥሬ ገንዘብ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየር ቼክ ከላካችሁ 1 በመቶ ይከፈላል፤ በ300 ዶላር 3 ዶላር። ከአሜሪካ ባንክ ሒሳባችሁ ወይም እዚህ በተሰጠ ካርድ ከሆነ የለባችሁም። ተወካዮች ምክር ቤት ሲያሳልፈው 3.5 ነበር። ያቺ በርጩማ፣ ገበያ፣ እምነት፣ ፀረ ኮሚኒዝም፣ በሬገን ጊዜ እንዲህ ያለ ግብር የምትሸከም አይመስለኝም። ሦስተኛው እግር በ1991 ከሶቪየት ጋር ሄደ። አሁን በቦታው የገባው ድንበር ነው፣ «አገር» ነው። በ1992 የሪፐብሊካን ፕሬዚዳንታዊ እጩ ለመሆን የተወዳደረው ፓት ቡካነን ያለው ይህንኑ ነበር፤ ያኔ ተሸነፈ።

ደግሞ ሃውሊን ልኮንነው ስል... በጁላይ 15፣ ልክ በሁለት ሳምንቱ፣ የግብሩን ቅነሳ የሚሽርና ፈንዱን 100 ቢሊዮን የሚያደርግ ረቂቅ አቀረበ። ድምፅ በሰጠበት ሕግ ላይ። መጀመሪያ ሳየው ተናደድኩ። አሁን ግን ምናልባት ፓርቲው ራሱ በአንድ ሰው ውስጥ እየተከራከረ ይሆን? የግብር ቅናሹ ቋሚ ሆነ፣ የሆስፒታሉ ገንዘብ የአምስት ዓመት ሆነ፤ ይህ የትኛው ወገን እንዳሸነፈ ይናገራል ልል ነበር፣ ግን 2028 ገና ነው፣ የመጀመሪያው ግማሽ ነጥብ የሚወርደው ወደ ምርጫው በሚያመራው የበጀት ዓመት ነው፣ ያኔ ደግሞ ሃውሊም ቫንስም... አላውቅም። ያን «አዎ» ግን...